ማግኔቱ ከዱቄቱ ያወጣው ጥቁር

አይዝግም ተብሎ ከሚሸጠው ማንኪያ አንዳንዱን ማግኔት ይይዘዋል፣ አንዳንዱን አይነካውም። ሁለቱም ብረት አለባቸው፤ የሚለያዩት በውስጣቸው በተቀላቀለው ነገርና በአደራደሩ ነው። የአሉሚኒየም ድስት አይያዝም። የመዳብ ሽቦም አይያዝም፤ ከተያዘ የሸጠላችሁ ሰው መዳብ የተቀባ ብረት ሰጥቷችኋል። ወርቅን ማግኔት አይስበውም። ነሐስንም አይስበውም። ስለዚህ ቀለበታችሁን ማግኔት እምቢ አለው ማለት ቀለበቱ ወርቅ ነው ማለት አይደለም።

ይህን ሁሉ ደብረ ኤልያስ ላይ ለጠየቀኝም ላልጠየቀኝም አስረዳ ነበር። ከመናኸሪያው ዝቅ ብላ ባለች አንድ በር ያላት ቆርቆሮ ቤት ውስጥ ሬዲዮ፣ ስፒከር፣ ቻርጀርና ስልክ እጠግናለሁ። ያኔ ሃያ አራት ዓመቴ ነው። ትምህርቴን ከአሥረኛ ክፍል አቋርጫለሁ። የማውቀውን ያወቅሁት ሽፋኗ ከተገነጠለ አንዲት የፊዚክስ መጽሐፍና በስልኬ እያወረድኩ ካነበብኩት ነው። ብዙ አልናገርም። የተፈታ ዕቃ ፊቴ ካለ ግን እናገራለሁ፤ ሰውም ያን ስለሚያውቅ ዕቃ እያስፈታ ያናግረኛል። «ፕሮፌሰር» ይሉኝ ነበር። ግማሹ ለፌዝ ነው። ሌላው ግማሽ የምር እንዲሆን እመኝ ነበር፤ የዚህ ሁሉ መነሻም ይኸው ምኞት ይመስለኛል።

ነገሩ የተጀመረው በጥር ወር፣ ረቡዕ ዕለት ከረፋዱ አራት ሰዓት ገደማ ነው።

ጎረቤቴ ይርገዱ ከወፍጮ ቤት እየተመለሰች ገባች። ስልኳ ቻርጅ አልቀበል ብሏታል። የተሸከመችውን የጤፍ ዱቄት ጠረጴዛዬ ላይ ዘፍ አደረገችው። ከረጢቱ ጥጉ ላይ ትንሽ ቀዳዳ ነበረው፤ ዱቄቱ ከተቃጠለ ስፒከር አውጥቼ ባስቀመጥኩት ክብ ማግኔት ላይ ፈሰሰ።

«ወይ ጉድ፣ ዕቃህን ዱቄት አለበስኩት» ብላ ልትጠርግልኝ አነሣችው። ከዚያ ቆመች። «ይበልጣል፣ ይኸ ነገር ጢም አብቅሏል እንዴ?»

ተቀብያት አየሁት። ዱቄቱን እፍ ስለው በረረ፤ በማግኔቱ ጠርዝ ላይ ግን ጥቁር፣ ደቃቅ፣ እንደ ጢም የቆመ ነገር ቀረ። በማጉያ መነጽሬ አየሁት። ደቃቅ ጥቁር ስብርባሪ ነው። ጣቴን ሳስጠጋው ዘንበል ይልና ተመልሶ ይቆማል።

እውነቱን ልናገርና፣ ደስ አለኝ። አንድ ሰው ለዓመታት የተማረውን ነገር የሚያውልበት ቦታ ሲያገኝ የሚሰማው ደስታ ነው።

«የማን ወፍጮ ነው ያስፈጨሽው?»

«የእትዬ ስመኝ ነዋ። ሌላ ማን ዘንድ እሄዳለሁ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ላስረዳ። የወፍጮ ድንጋይ ሲለሰልስ እህል አያደቅም። ስለዚህ በየጥቂት ቀኑ ድንጋዩ ተነሥቶ ፊቱ በሹል ብረት እየተነቆረ ሻካራ ይደረጋል። ሥራው መውቀር ይባላል፣ ብረቱም መውቀሪያ። መውቀሪያ ያልቃል፤ ጫፉ እየዶለዶመ በየጊዜው ይሳላል፣ በስተመጨረሻም አጥሮ ይጣላል። እኔም በዚያች ቅጽበት ራሴን ጠየቅሁ፦ ያለቀው ብረት የት ገባ? መልሱ ፊቴ ማግኔት ላይ ቆሞ ነበር። እንዲህ አምሮ የገጠመ ሐሳብ በሕይወቴ አስቤ አላውቅም።

ለይርገዱ ነገርኳት። ድምፄን ሳላውቀው ከፍ አድርጌ ኖሮ፣ በር ላይ የነበሩ ሦስት አራት ሰዎች ገቡ። እኔም ምስማር አምጥቼ ማስረዳት ጀመርኩ።

«በዚህች ምስማር ውስጥ እጅግ ትንንሽ ሰፈሮች አሉ። እያንዳንዱ ሰፈር ለብቻው ማግኔት ነው» አልኳቸው። «ግን እንደ ገበያ ሰው ሁሉም ወደየራሱ ዞሮ ነው የቆመው። አንዱ ወደዚህ፣ አንዱ ወደዚያ፤ ጉልበታቸው እርስ በርስ ይጠፋፋል። ማግኔት ሲጠጋቸው ግን ብዙዎቹ ፊታቸውን ወደ እሱ ያዞራሉ። ያኔ ምስማሯ ራሷ ማግኔት ትሆናለች፤ እዩ፣ ሌላ ምስማር ታንጠለጥላለች። እንጨትና ዱቄት ግን እንዲህ ያለ ሰፈር የላቸውም። ከዱቄት ውስጥ ተስቦ የወጣ ነገር ዱቄት አይደለም።»

«ሆዴን ሲቆርጠኝ የከረመው ለካ ይኸ ኖሯል!» አለች ይርገዱ። እጇን ሆዷ ላይ አድርጋለች።

በሩን ተደግፎ የሚሰማ አንድ ሰው ነበር፤ መምህር ኑረዲን። ከወሎ ተመድቦ የመጣ የፊዚክስ አስተማሪ ነው። ቻርጀሩን ሊወስድ መጥቶ ነው። ሰው ሁሉ ሲያወራ ጠበቀና ቀስ ብሎ ጠየቀኝ።

«ጤፉን ሳይፈጭ አይተኸዋል?»

«ማለት?»

«እህሉን። ከመፈጨቱ በፊት ማግኔቱን አስነክተኸዋል ወይ ነው የምልህ።»

«መምህር፣ ጤፍ ውስጥ ብረት ከየት ይመጣል?»

ሰዎቹ ሳቁ። አንዱ፣ «እናንተ አገር ጤፉ ምስማር ያፈራል እንዴ መምህር?» አለው። ሳቁ ጨመረ። መምህር ኑረዲንም ፈገግ አለ፣ ቻርጀሩን ኪሱ ከተተና ወጣ።

ጥያቄው ትክክል እንደሆነ ያኔውኑ አውቄዋለሁ። ይህን መደበቅ አልፈልግም። የሚያስፈልገኝ አንድ እፍኝ ያልተፈጨ ጤፍ ብቻ ነበር፤ ሁለት ሱቅ አለፍ ብሎ ይሸጣል። አልሄድኩም። ዲግሪ ያለው ሰው ተስቆበት ሲወጣ አሥረኛ ክፍል ላይ የቀረሁት እኔ ወንበሬ ላይ ተቀምጫለሁ፤ ያንን ወንበር ለመልቀቅ አልፈለግኩም።

ሐሙስ ጠዋት ወደ ሦስት ሰዓት ላይ አንድ ሰው ወደ ሱቄ ብቅ ብሎ፣ «እትዬ ስመኝ ይምጣና በደጄ ያሳይ ብለውሃል» አለኝ።

ወሬው ቀድሞኛል። ወፍጮ ቤቱ ደጃፍ ላይ አሥራ አምስት የሚሆኑ ሴቶች ከረጢታቸውን መሬት አውርደው ቆመዋል፤ አይገቡም፣ አይሄዱም። ሞተሩ ይሠራል፣ ቀበቶው ይዞራል፣ ድንጋዩ ግን እህል አልተሰጠውም።

እትዬ ስመኝን ከዚያ በፊት በሰላምታ ብቻ ነው የማውቃቸው። አርባ አምስት ቢሆናቸው ነው። ባላቸው ጋሽ አንማው ሦስት ዓመት ሙሉ በሆድ ሕመም ሲሰቃዩ ኖረው ካረፉ ሁለተኛ ዓመታቸው ነው፤ እሳቸው ግን ጥቁራቸውን አላወለቁም። ጥቁሩ ቀሚስ በዱቄት አመድ መስሏል። ባላቸው ሲታመሙ መውቀሪያውን ተቀብለው ድንጋዩን ራሳቸው ይወቅሩ ጀመር። ሴት ድንጋይ አትወቅርም ብለው ያሾፉባቸው ሰዎች በኋላ የእሳቸው ዱቄት የላመ መሆኑን አምነዋል።

«አንተ ነህ ይበልጣል ማለት?»

«አዎ እትዬ።»

«በዱቄቴ ብረት አገኘህ አሉ።»

«ከይርገዱ ዱቄት ላይ ነው ያየሁት።»

«የይርገዱን ተወው። ከረጢቷን የት የት እንዳስቀመጠችው ማን ያውቃል?» ሴቶቹ ሳቅ አሉ፤ ይርገዱም ከመሀላቸው፣ «ኧረ እትዬ!» አለች። እትዬ ስመኝ ወደ ውስጥ ገብተው አንድ ሳህን ዱቄት ይዘው ወጡ። «ይኸ ከምበላው ነው። ከራሴ ማድጋ። በዚህ ላይ አሳይ።»

በራሳቸው ይተማመኑ ነበር። ደጃቸው ድረስ የጠሩኝም ስለዚህ ነው።

ሥራዬን በጥንቃቄ ሠራሁ። ማግኔቱን በስስ ወረቀት ጠቀለልኩት፤ እንዲህ ሲደረግ የተያዘው ነገር ወረቀቱ ሲነሣ ሳይበላሽ ይወርዳል። ዱቄቱ ውስጥ ቀስ አድርጌ ሦስት ጊዜ አዞርኩት። አወጣሁት፣ እፍ አልኩት፣ በነጭ ወረቀት ላይ አስጠግቼ ማግኔቱን ከውስጥ ሳብኩት። በወረቀቱ መሀል ቁንጥር የምታህል ጥቁር ትቢያ ወረደች። ማግኔቱን ከወረቀቱ ሥር ሳንቀሳቅስ ትቢያዋ ቆማ እየተነሣች፣ እየወደቀች ተከተለችው። ከሴቶቹ አንዷ አማተበች።

እትዬ ስመኝ ወረቀቱን ተቀበሉኝ። ወደ ብርሃን አዞሩት። ረጅም ጊዜ አዩት።

«ይኸ ከመውቀሪያዬ ነው?» አሉኝ።

ለዚህ ጥያቄ ብዙ ትክክለኛ መልሶች ነበሩት። «ሳይሆን አይቀርም» ይባላል። «አላውቅም፣ ላጣራ» ይባላል። በማግኔት የሚሳበው ብረት ብቻ አይደለም፤ ኒኬልም ይሳባል፣ ኮባልትም ይሳባል፣ ከድንጋይ ወገንም የሚሳብ አለ። ይህን አንብቤዋለሁ። ያነበብኩበትን ገጽ እንኳ አስታውሳለሁ።

«ነው» አልኩ።

ወረቀቱን ማጠፍ ጀመሩ። አንድ ጊዜ አጠፉት፣ ሁለተኛ አጠፉት፣ ሦስተኛ። ከዚያ ለማንም ሳይሆን እንዲህ አሉ፦

«አንማው ሦስት ዓመት ይህን በላ።»

 ገብተው ሞተሩን አጠፉት። ቀበቶው እየዘገመ፣ እየዘገመ ሄዶ ቆመ። ተመልሰው ወጡና ሴቶቹን፣ «ሂዱ እናንተ። ታች ካለው አስፈጩ» አሏቸው።

የብረት ትቢያ በዚያ መጠን ሰው ይገድላል ብዬ አልተናገርኩም። ይህን ለብዙ ጊዜ ለራሴ መከላከያ አድርጌ ይዤው ነበር። ግን አይገድልም ብዬም አልተናገርኩም። አይገድልም ብዬ አስብ ነበር፤ አፌ ላይ ነበር። ሰው ዝም ብሎ እኔን ያያል፤ እኔም ዝም አልኩ። ስወጣ አንድ ሽማግሌ ትከሻዬን መታ አድርገው፣ «አበጀህ ፕሮፌሰር፣ አገር አዳንክ» አሉኝ። በዚያ ቀን «ፕሮፌሰር» ሲሉኝ ማንም አልሳቀም።

ዓርብ አጎቴ ዘንድ የጤፍ ውቂያ ወንፈል ነበር። እርሻው ከከተማው የአንድ ሰዓት ተኩል የእግር መንገድ ነው። ከንጋቱ አሥራ ሁለት ሰዓት ተነሥቼ ሄድኩ። ማግኔቱ ኪሴ ውስጥ ነበር። ለምን እንደያዝኩት በወቅቱ ብጠየቅ ረስቼው ነው እል ነበር፤ ግን አልረሳሁትም። የመምህር ኑረዲን ጥያቄ ከረቡዕ ጀምሮ ጆሮዬ ውስጥ ነበር።

በሬዎቹ አውድማው ላይ ሲዞሩ እስከ አራት ሰዓት ነዳን። አውድማው በእበት የተለቀለቀ ነው፤ ግን ልቅላቂው በበሬ ኮቴ ይፈረፈራል፣ ከሥሩ ያለው ቀይ አፈርም እየተነሣ ከጤፉ ይቀላቀላል። ይህን ከልጅነቴ ጀምሮ ሳየው ኖሬያለሁ። በሬዎቹ ሲያርፉ ሌሎቹ ውሃ ሊጠጡ ሄዱ። እኔ ከጤፉ ክምር ጫፍ ቁጭ ብዬ ማግኔቱን በወረቀት ጠቅልዬ እህሉ ውስጥ ከተትኩት።

ጥቁር ጢም አብቅሎ ወጣ።

ማንም ያልፈጨው ጤፍ ነው። ወፍጮ አላየም፣ መውቀሪያ አላየም። ወረቀቱን ቀየርኩና ደገምኩት። ያው ነው። ከአውድማው ዳር ካለው አፈር ላይ ሞከርኩት፤ ከጤፉ በጣም በለጠ። ከዚያ ዝናብ ወደቦረቦራት ትንሽ ፈፋ ወረድኩ። በክረምት ጎርፍ ካለፈ በኋላ መንገድ ላይ እንደ ክር ተስቦ የሚቀረውን ጥቁር አሸዋ ሁላችሁም አይታችሁታል። በእሱ ላይ ማግኔቱን ሳስቀምጠው ጃርት መሰለ።

አጎቴ ከኋላዬ መጥተው ቆመዋል።

«ምን ትሆናለህ? አፈር ልትገዛ ነው?»

«አጎቴ፣ ይኸን ጥቁር አሸዋ ያውቁታል?»

«አታሹፍብኝ እንጂ!»

«የምሬን ነው።»

«ጤፍ ሲንገዋለል ሰፌዱ ጠርዝ ላይ የሚቀረው አይደለም እንዴ? የትኛዋ ሴት ናት የማታውቀው? አፈር ላይ የተወቃ እህል አፈር አለበት። ይኸንን ለማወቅ ነው ማታ ማታ ስልክ ላይ ተተክለህ የምታድረው?»

 የጮቄ ተራራና በዙሪያው ያለው አገር ከጥንት እሳተ ገሞራ በወጣ ጥቁር ድንጋይ ላይ እንደተቀመጠ አንብቤያለሁ። በዚያ ድንጋይ ውስጥ ማግኔታይት የሚባል የብረት ማዕድን በደቃቁ እንዳለ፣ ድንጋዩ አርጅቶ አፈር ሲሆንም ማዕድኑ ሳይጠፋ አፈሩ ውስጥ እንደሚቀር አንብቤያለሁ። ሁለቱን ዓረፍተ ነገሮች ለየብቻ አውቃቸው ነበር። የሚናገሩት ሃያ አራት ዓመት ስለረገጥኩት መሬት እንደሆነ ግን አላሰብኩም።

«የት ነው?» አሉ አጎቴ፣ ነጠላዬን ሳነሣ። «ወንፈል ትተህ?»

«ሰው በድያለሁ» አልኳቸው።

ከጤፉ አንድ እፍኝ፣ ከአፈሩ አንድ እፍኝ ቋጥሬ ወረድኩ። የአንድ ሰዓት ተኩሉን መንገድ በሃምሳ ደቂቃ ሄድኩት። በመንገድ ላይ የማስበው ስለ ማስረጃው ነበር፤ በቅድሚያ ምኑን አሳያለሁ፣ ቀጥሎ ምን እላለሁ። ሳሳያቸው እንደሚደሰቱ አልተጠራጠርኩም። ሰውን ከእንዲህ ያለ ሸክም የሚያወርድ ነገር ይዤ ነው የምሄደው።

እትዬ ስመኝ በቤታቸው ደጃፍ፣ በርጩማ ላይ ተቀምጠዋል። ከቤተ ክርስቲያን እንደተመለሱ ናቸው፤ ነጠላቸውን ገና ከራሳቸው አላወረዱትም። ፊታቸው አብጧል።

«እትዬ፣ ተሳስቻለሁ» አልኩ ገና ሳልቀመጥ። «ከመውቀሪያው አይደለም። ከአፈር ነው። ጤፉ ከመፈጨቱ በፊትም አለበት። ይዩ።»

መሬት ላይ ወረቀት ዘርግቼ አሳየኋቸው። በቅድሚያ ጤፉን፣ ከዚያ አፈሩን። አልከለከሉኝም። ጎንበስ ብለው፣ ሐሙስ ያዩትን ያህል ጊዜ ወስደው አዩ።

«አየሁ» አሉ። «ሐሙስም አየሁ።»

«ሐሙስ የነገርኩዎት ስሕተት ነው።»

«ሐሙስም ጥቁር ነበር፣ ዛሬም ጥቁር ነው። እኔ የማየው ያው ነው። ከወዴት እንደመጣ የምትነግረኝ አንተ ነህ። ሐሙስ ከመውቀሪያሽ ነው አልከኝ፣ ዛሬ ከአፈር ነው ትላለህ።»

«የብረት ትቢያም ቢሆን ኖሮ እኮ ጋሽ አንማውን አይገድላቸውም ነበር እትዬ።»

ቀና ብለው አዩኝ። «ይኸን ሐሙስ ለምን አልነገርከኝም?»

አፈሩን ወደ ቋጠሮው መለስኩ።

«ዛሬ ጠዋት ንስሐ አባቴ ዘንድ ሄጄ ነበር» አሉ። «ሁሉን ነገርኳቸው። ልጄ፣ አላወቅሽም፣ ምንም አይደለሽም አሉኝ። ቀኖና አይገባሽም አሉኝ። እግራቸው ላይ ወድቄ ነው ለምኜ የወሰድኩት። በቀን አርባ አንድ ስግደት፣ ለአንድ ዓመት። አሁን ልተወው ነው የምትለኝ?»

«ላልሠሩት ኃጢአት እንዴት ይሰግዳሉ?»

«ብተወውና ነገ ደግሞ የሐሙሱ ነበር ልክ ብትለኝስ?»

«አልልም።»

«ሐሙስ እንዲህ ነበርክ። እንዲህ ቁርጥ አድርገህ ነበር የተናገርከው።»

ከዚያ በኋላ ያሉት ነገር ነው ከሁሉ የከበደኝ። ድምፃቸውን ዝቅ አድርገው፣ የተቆጣ ሰው ሳይመስሉ ነው የተናገሩት።

«ሦስት ዓመት ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ይዤው ዞርኩ። ደብረ ማርቆስ አስገባሁት፣ ባሕር ዳር ወሰድኩት። ምን እንደሆነ የነገረኝ የለም። ምን ወሰደብኝ ስል ኖርኩ። አንተ መጥተህ ነገርከኝ። ክፉ ነገር ነው፣ ግን ነገርከኝ። አሁን ደግሞ እሱን መልሺ ትለኛለህ።»

አጣጥፈው ያስቀመጡት የሐሙሱ ወረቀት ደረታቸው ላይ፣ በቀሚሳቸው ውስጥ ነበር። ሲነሡ ጫፉን አየሁት።

በማግስቱ ቅዳሜ ገበያ ነበር። በተዘጋው ወፍጮ ቤት ደጃፍ ቆሜ፣ ያለ ልማዴ ጮክ ብዬ፣ መሳሳቴን ተናገርኩ። አፈሩን አሳየሁ። በታችኛው ወፍጮ የተፈጨ የይርገዱን ዱቄት አስመጥቼ በሰው ፊት ሞከርኩት፤ እንዲያውም የዚህኛው ትንሽ ይበዛል።

«ታዲያ ወፍጮ ከቀየርኩ ወዲህ ሆዴ ለምን ተሻለኝ?» አለች ይርገዱ።

«ሁለት ቀንሽ ነው ይርገዱ።»

«ሁለት ቀንም ቢሆን ተሽሎኛል! አንተ ደግሞ የሰውን ወፍጮ ሁሉ ልታዘጋ ነው እንዴ?»

ሰው ሳቀ። አንዱ፣ «ፕሮፌሰሩ ዛሬ ደግሞ አፈሩን ከሰሰው» አለ። ብረትና የአፈሩ ጥቁር የሚለዩበትን መንገድም አሳየሁ፤ ከሞረድ የወረደ የብረት ትቢያና የአፈሩን ጥቁር በእርጥብ ጥጥ ላይ ለየብቻ አደረግኋቸው። ብረቱ በሁለተኛው ቀን ዝጎ ቀላ፤ የአፈሩ እስከ ሳምንት ጥቁር እንደሆነ ቆየ። ሱቄ መስኮት ላይ አስቀምጬው ነበር። ለማየት የቆመ ሰው ሦስት አይሞላም። በሐሙሱ ዕለት አሥራ አምስት ነበሩ፤ ወሬው እነሱን ይዞ ወደ ከተማው ሁሉ ደረሰ። እርማቱ ከመስኮቴ አላለፈም።

መምህር ኑረዲን ዘንድ ሄጄ ይቅርታ ጠየቅሁት። «እኔም አለሁበት» አለኝ። «ሲስቁብኝ አፍሬ ወጣሁ። ቆሜ መሟገት ነበረብኝ።» ከዚያ ወዲህ መጽሐፍ ያውሰኛል። ስለዚያ ነገር ግን ሁለታችንም አናነሣም።

ወፍጮው አልተከፈተም። በሚያዝያ ወር ሞተሩን አንድ ሰው ነቅሎ በጋሪ ወሰደው። ድንጋዩ እስካሁን ደጃፉ ላይ ተጋድሟል፤ የተወቀረው ፊቱ ወደ ላይ ነው፣ ዝናብ ሲዘንብ ውሃ ይቋጥራል።

አንባቢዎቼ፣ ከዚህ ምን እንደተማርኩ የሚጠይቀኝ ሰው አለ። የተለወጠ ነገር አለ። ዛሬ አንድ ሰው ዕቃ አምጥቶ ሲጠይቀኝ ያየሁትን ለብቻ፣ ይሆናል የምለውን ለብቻ አድርጌ ነው የምናገረው። ከመናገሬ በፊት ያልተፈተነ ምን ቀረ እላለሁ። አንዳንዱ ደንበኛ ይሰለቻል፤ ቁርጡን ንገረኝ ይልና ወደሚነግረው ይሄዳል። ይህ ጥሩ ልማድ ነው። ግን ከእኔ የምትጠብቁት የመጽናኛ ቃል ከሆነ የለኝም። ማግኔት የሚስበውንና የማይስበውን በትክክል ልነግራችሁ እችላለሁ፤ «ነው» ያልኩትን አንድ ቃል ከሰው ልብ የሚስብ ነገር ግን አላገኘሁም። ልማዱንም የተማርኩት በሰው ነው፤ ዋጋውን የከፈልኩትም እኔ አይደለሁም።

የእትዬ ስመኝ አንድ ዓመት ካለቀ ቆይቷል። ስግደቱን ግን አልተዉም። ጠዋት ወደ ቤተ ክርስቲያን ሲሄዱ በሱቄ በር ነው የሚያልፉት። አብዛኛውን ጊዜ እጅ ነሥተው ያልፋሉ። አንዳንድ ቀን ግን ይቆማሉ፤ ባለፈው ሳምንትም ቆመው ነበር። እኔም ብድግ አልኩ።

«አሁንም ከአፈር ነው?» አሉኝ።

«አሁንም ከአፈር ነው እትዬ።»

ትንሽ አሰቡ። የምናገረውን ሳይሆን ዓይኔን ነበር የሚያዩት።

«ይሁን» አሉና ነጠላቸውን አስተካክለው ሊሰግዱ ሄዱ።